ተማሪዎቼ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ መከራከርና መጻፍ ለምን አቃታቸው?

ጥያቄው፦ «በዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ የእንግሊዝኛ አካዳሚያዊ ጽሑፍና ውይይት አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 50 ያህል ተማሪዎች አሉ፤ ያለኝ ጊዜ 15 ሳምንት ነው። አብዛኞቹ ሰዋስዋቸው ደህና ነው፤ ሲያወሩም አይደናቀፉም። ድርሰት ጻፉ ስላቸው ግን የሚያመጡልኝ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ መረጃ ነው። ውይይት ስከፍት ሦስት አራቱ ብቻ ይናገራሉ፤ ሌላው አቀርቅሮ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። የአያያዥ ቃላት ዝርዝር አባዝቼ አድያለሁ፤ የአካዳሚያዊ ቃላት ዝርዝር አስጠንቻለሁ፤ እያንዳንዱን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መልሻለሁ። ለውጥ አላየሁም። ወደ ሰዋስው ልመለስ? ወይስ ውይይቱን ትቼ ያለኝን ጊዜ ሁሉ ለጽሑፉ ላውለው?»

ሁለቱንም አያድርጉ። የተማሪዎችዎ ሰዋስው ደህና እንደሆነ ራስዎ ነግረውናል፤ ስለዚህ ወደዚያ መመለስ የሚያውቁትን መልሶ ማስተማር ነው። ውይይቱን መተው ደግሞ ይብሳል፤ ጽሑፋቸውን የሚያስተካክልልዎ ዋናው መሣሪያ እሱ ነውና። ወረቀት ላይ መረጃ የሚያጠራቅሙትም ሆነ ክፍል ውስጥ ዝም የሚሉት በአንድ ምክንያት ነው፦ አቋም የሚያስይዝ ጥያቄ ፊታቸው አልቀረበም፤ ቢቀርብም አቋምን ከማስረጃ ጋር እንዴት እንደሚያያይዙ አልተለማመዱም። «ስለ ክፍል መገኘት ጥቅም ጻፉ» የተባለ ተማሪ መረጃ ከመልቀም ሌላ ምን ያድርግ? የሚከራከረውስ ከማን ጋር ነው?

መፍትሔው ላይ ከመድረሴ በፊት ጥያቄዎ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ግምቶች መስተካከል አለባቸው። የመጀመሪያው፣ ሳይደናቀፍ የሚያወራ ተማሪ አካዳሚያዊ ጽሑፍ ሊከብደው አይገባም የሚለው ነው። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 የዕለት ተዕለት መግባቢያ ቋንቋንና የትምህርት ቋንቋን ለይተው ያስቀመጡት ሁለቱ እኩል እንደማያድጉ ለማሳየት ነበር። በስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ላይ ያደረጉት ትንተና እንደሚያሳየው፣ አንድ ልጅ በሁለት ዓመት ገደማ ከእኩዮቹ ጋር እንደልቡ ያወራል፤ በትምህርት ቋንቋ ለመስተካከል ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስድበታል። የእርስዎ ተማሪዎች ልጆች ስላልሆኑ ቁጥሩን እንዳለ አይውሰዱት፤ ልዩነቱ ግን እነሱም ዘንድ አለ። ወሬ ላይ አድማጩ በፊቱ፣ በጥያቄው፣ ራሱን በመነቅነቁ ተናጋሪውን ያግዘዋል። ገጽ ላይ ግን አንባቢው ያለው የተጻፈለት ብቻ ነው፤ ያልተባለውን ጠይቆ አያስሞላም።

ሁለተኛው የአያያዥ ቃላቱ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዝርዝሩ አለመርዳት ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ይጎዳልና። የሚከተለው አንቀጽ የተማሪን አጻጻፍ ለማሳየት ያዘጋጀሁት ነው፤ ይዘቱን በአማርኛ አስቀምጬዋለሁ፦ «ክፍል መገኘት ለተማሪዎች በጣም ጠቃሚ ነው። በተጨማሪም ብዙ ምሁራን ስለ መገኘት ጽፈዋል። ከዚህም በላይ ተማሪዎች የተለያዩ ችግሮች አሉባቸው። ይሁን እንጂ ቴክኖሎጂ እያደገ መጥቷል። ስለዚህ መገኘት አስፈላጊ ነው።» አምስት ዓረፍተ ነገር፣ አራት አያያዥ፣ ግን አንድም የተያያዘ ነገር የለም። «ይሁን እንጂ» የሚቃወመው ሐሳብ ከበላዩ የለም። «ስለዚህ» ያለውም ከምንም ተነሥቶ አይደለም። ይህ ተማሪ ዝርዝሩን በሚገባ አጥንቷል፤ ችግሩ የተሰጠው ቃል እንጂ ቃሉ የሚገልጸው ዝምድና አለመሆኑ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ አያያዦቹን ሰርዘው ዓረፍተ ነገሮቹን በሌላ ቅደም ተከተል ያስነብቧቸው። ምንም ካልተበላሸ፣ መጀመሪያውኑ አንቀጽ አልነበረም። ስለዚህ ዝርዝሩን ለጊዜው ይሰብስቡትና በምትኩ አንድ ልማድ ያስይዟቸው፦ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ያለፈው ከጨረሰበት ነገር ይነሣ፣ አዲሱን ነገር ወደ መጨረሻው ያምጣ። እንግሊዝኛ አካዳሚያዊ ጽሑፍ በአመዛኙ የሚፈሰው እንዲህ ነው፤ ይህን የያዘ ተማሪ አያያዥ የሚያስፈልገው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።

የአካዳሚያዊ ቃላት ዝርዝሩን ግን አልቃወምም። ብዙ መምህራን የሚጠቀሙበት፣ ኤቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ እንደ አንድ ቤተሰብ ተቆጥሮ) ይዟል፤ እነዚህ ብቻቸውን ከአንድ አካዳሚያዊ ጽሑፍ አሥር በመቶውን ያህል ይሸፍናሉ። ለንባብ ትልቅ ጥቅም አለው። ለመጻፍ ግን ቃሉን ማወቅ በቂ አይደለም። የጸሐፊውን አቋም የሚያሳዩት ከባድ የሚመስሉት ስሞች ሳይሆኑ ሌላ ሰው ያለውን የምናስተላልፍባቸው ግሦች ናቸው። «አሳይተዋል» ያለ ጸሐፊ ግኝቱን ተቀብሏል፤ «ይላሉ» ያለ ራሱን ገለል አድርጓል፤ «ይከራከራሉ» ያለ ጉዳዩ እልባት እንዳላገኘ ነግሮናል። ተማሪ እነዚህን እያለዋወጠ የሚጽፈው አንድ ቃል እንዳይደጋገም ብሎ ከሆነ፣ ሳያውቀው በየዓረፍተ ነገሩ አቋሙን እየቀየረ ነው። የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሹን ለዚህ ቢሰጡ ከመቶ አዲስ ቃል ይበልጣል።

ቀይ እስክሪብቶው ላይ ባለሙያዎች ራሳቸው ተከራክረዋል። ጆን ትረስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለተኛ ቋንቋ ጽሑፍ ላይ የሰዋስው እርማት ይቅር እስከ ማለት ሄዱ፤ ዴና ፌሪስ ከሦስት ዓመት በኋላ በሰጡት ምላሽ ተመርጦና ግልጽ ሆኖ የሚሰጥ እርማት እንደሚረዳ ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም ጨርሶ አልተዘጋም፤ ሁሉንም ስህተት በአንድ ጊዜ ማረም ግን የሚመከር አይደለም። እኔ ከፌሪስ ወገን ነኝ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ተማሪው እርማቱን ተቀብሎ መልሶ የሚጽፈው ረቂቅ ከሌለ ማንኛውም እርማት ድካም ብቻ ነው። ውጤት ከተሰጠበት በኋላ የተመለሰ ወረቀት ላይ ተማሪ የሚያየው ቁጥሩን ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ሐሳቡን ብቻ ያንብቡ፤ ትርጉም የሚያጠፋ ካልሆነ በቀር ሰዋስው አይንኩ። በሁለተኛው ላይ የሚደጋገሙ አንድ ወይም ሁለት የስህተት ዓይነቶችን ከስራቸው ያስምሩ፤ ማስተካከያውን ግን እርስዎ አይጻፉለት።

አንድ ባልደረባ «የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አስተሳሰብ ነው ቀጥታ እንዳይከራከሩ ያደረጋቸው» ሊልዎ ይችላል። ይህ ሐሳብ የቋንቋ ምሁሩ ሮበርት ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1966 ካቀረቡት ጽሑፍ ወዲህ በየመምህራን ክፍሉ ሲነገር ኖሯል፤ ብዙ ትችት ደርሶበታል፣ ካፕላንም ኋላ ላይ አለዝበውታል። በማንኛውም ቋንቋ ሰው ይከራከራል፣ ምክንያት ይጠይቃል፣ «እንዴት አወቅህ?» ይላል። ተማሪዎችዎ የጎደላቸው አእምሮ ሳይሆን ልምምድ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሴሚስተሩን በሁለት ሁለት ሳምንት ዑደት ይክፈሉት። ለእያንዳንዱ ዑደት አንድ ጥያቄ፣ በዚያ ጥያቄ ላይ የማይስማሙ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች፣ አንድ ውይይት፣ ከዚያም አንድ አንቀጽ። ሙሉ ድርሰት ሳይሆን አንቀጽ ነው ያልኩት። ሙሉ ድርሰቱ በሴሚስተሩ መጨረሻ ይመጣል፤ ደካማ አንቀጽን በአምስት ማባዛት ተማሪውንም አንባቢውንም ከማድከም አያልፍም። ጥያቄው ከአስተዋይ ሰዎች ሁለት ዓይነት መልስ ሊያስገኝ የሚችል መሆን አለበት። «ክፍል መገኘት ግዴታ መሆን አለበት ወይ?» ይሆናል። «የመገኘት ጥቅምና ጉዳት» አይሆንም፤ ጥቅምና ጉዳት ዝርዝር እንጂ ክርክር አይወልድም።

ውይይቱ ላይ ዝምታው ከየት እንደሚመጣ ይወቁ። ብዙውን ጊዜ ዓይን አፋርነት አይደለም። ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ የሳይንስ ክፍሎችን አጥንተው ያገኙት መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን ነው፤ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሶቹ ረዘሙ፣ ምክንያት የያዙ ሆኑ፣ ቀድሞ የማይናገሩትም መናገር ጀመሩ። ያ የታየው ልጆች በለመዱት ቋንቋ ሲማሩ ነው። በሁለተኛ ቋንቋ የሚያስብ ሰው ሐሳቡን አግኝቶ፣ ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጅቶ፣ አፉን ሊከፍት ሲል ርእሱ ተቀይሮ ያገኘዋል። ስለዚህ አፍ ከመከፈቱ በፊት ብዕር ይቅደም። አምስት ደቂቃ ሁሉም አቋሙንና አንድ ምክንያት ይጻፍ፤ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ያውራ፤ ከዚያ አራት አራት ሆነው፤ በመጨረሻ መላው ክፍል። በጽሑፍ ይዞት የገባውን የሚናገር ተማሪ የሚጨነቀው ስለ ሐሳቡ እንጂ ስለ ዓረፍተ ነገሩ አይደለም።

ከዚህ ላይ አንድ ሕግ ይጨምሩ፣ ይህ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው፦ ማንም ሰው ከመቃወሙ በፊት የተቃወመውን ሰው ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ ይህንን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ በራሱ ቃል ይናገር። ሲሠራ ምን እንደሚመስል ላሳይዎ። አንዱ ተማሪ «መገኘት ግዴታ መሆን አለበት፤ የሚገኙት የተሻለ ውጤት ያመጣሉ» ይላል። አንዷ ወዲያው «አልስማማም፤ እኛ አዋቂዎች ነን» ትላለች። ሁለቱ ተላለፉ እንጂ አልተገናኙም። መምህሩ ማን ልክ እንደሆነ መፍረድ የለበትም፤ «መጀመሪያ እሱ ያለውን ንገሪን» ብቻ ይበል። እሷ ትጀምራለች፦ «የሚገኙት የተሻለ ውጤት ስለሚያመጡ፣ ሁሉም ቢገኝ ሁሉም ይሻሻላል ነው የሚለው።» እሱ «አዎ» ይላል። እሷ ትንሽ ዝም ትልና «ግን የሚመጡት ቀድሞም ጎበዝ የሆኑት ቢሆኑስ?» ትላለች። የተቃወመችው ነገር የታያት ሐሳቡን በራሷ ቃል ስትመልሰው ነው። እሱ በግልጽ ያላለውን፣ ማስረጃውን ከድምዳሜው ጋር ያገናኘበትን ድልድይ እሷ ጮክ ብላ ተናገረችው።

ፈላስፋው ስቲቨን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ባቀረቡት የመከራከሪያ ትንተና ይህ ድልድይ የራሱ ቦታ አለው፤ ከድምዳሜውና ከማስረጃው እኩል የሚቆጠር ክፍል ነው። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፦ ማስረጃ ያስቀምጣል፣ ድምዳሜ ያስቀምጣል፣ አንዱ ለሌላው ለምን ማስረጃ እንደሚሆን ግን አይናገርም። ሰሌዳው ላይ ሦስቱን በሦስት ዓምድ ይጻፉና ከውይይቱ የወጣውን ሐሳብ እየለዩ ይሙሉ። ከዚያ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ አሥር ደቂቃ ይስጧቸውና አንቀጹን ይጻፉ። ለቤት ሥራ አይተዉት፤ ሐሳቡ ትኩስ እያለ መጻፍ አለበት። የዚያች ተማሪ አንቀጽ እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦ «ክፍል የሚገኙ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ ይጠቀሳል። ይህ ውጤት ግን መገኘትን ግዴታ ለማድረግ በቂ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ሳይገደዱ የሚመጡት ቀድሞውንም የሚያጠኑት ከሆኑ፣ ውጤታቸውን ያሻሻለው መገኘታቸው ሳይሆን ትጋታቸው ሊሆን ይችላል። ግዴታው ደግሞ ሰውን ወደ ክፍል ያመጣል እንጂ ትጋትን አያመጣም።» ከላይ ካስቀመጥኩት አንቀጽ ጋር ያነጻጽሩት። ሰዋስው አልተጨመረም፤ «በተጨማሪም» የሚል ቃል የለም። ዓረፍተ ነገሮቹን ቢያዘዋውሩ ግን ክርክሩ ይፈርሳል።

«ላይሆን ይችላል»፣ «ሊሆን ይችላል» የሚሉትን ልብ ይበሉ። ድምዳሜን በማስረጃው ልክ መመጠን ተማሪዎች እንደ ፍርሃት የሚያዩት ነገር ነው፤ ጠንካራ ጸሐፊ የሚጠራጠር አይመስላቸውም። እዚህ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ይህን አንዴ ከተማሩ ሁሉንም ዓረፍተ ነገር «ምናልባት» ማድረግ ይጀምራሉ። የሚለዘበው ማስረጃው የማይደርስበት ቦታ ብቻ መሆኑን ያሳዩአቸው፤ የታወቀውን ነገር በሙሉ ድምፅ ይበሉት።

መግቢያ አጻጻፍ ላይ ሲደርሱ የአካዳሚያዊ ጽሑፍ ተመራማሪው የጆን ስዌልስ ሦስት እርምጃዎች ይጠቅማሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ባስፋፉት መልክ የምርምር ጽሑፍ መግቢያ በቅድሚያ የጥናት መስኩን ያስተዋውቃል፣ ቀጥሎ ያልተሞላውን ክፍተት ያሳያል፣ ከዚያ ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን እንዴት እንደሚሞላ ይናገራል። ይህ ግን የምርምር ጽሑፎችን ተመልክቶ የተገኘ ገለጻ ነው፤ ለማንኛውም ድርሰት የሚሆን ቅጽ አይደለም። የምህንድስናና የታሪክ ተማሪ በአንድ ክፍል ከተቀመጡ እያንዳንዱ ከራሱ መስክ አንድ ጽሑፍ ይዞ ይምጣና እርምጃዎቹ የት እንዳሉ፣ የት እንደሌሉ ያስምርባቸው። መስኮቹ እንደሚለያዩ ራሳቸው ሲያገኙት ይጸናል።

የሌላ ሰው ቃል ገልብጠው ሲያመጡ ወዲያው ሌብነት ነው አይበሉ። ቃል እየቀያየሩ የምንጩን ዓረፍተ ነገር ማስመሰል ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ያልተረዳ ተማሪ የሚያልፍበት ደረጃ ነው። መድኃኒቱ ምንጩን ዘግቶ መጻፍ ነው፤ አንብቦ፣ ዘግቶ፣ ለጓደኛው በቃል ነግሮ፣ ከዚያ መጻፍ፣ በመጨረሻ ከምንጩ ጋር አመሳክሮ ባለቤቱን መጥቀስ። የመመሳሰል መለኪያ ሶፍትዌር የሚሰጠው መቶኛም ፍርድ አይደለም፤ በትክክል የተጠቀሰ ጥቅስንም ይቆጥራል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈን ለይተናል የሚሉ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ከዚህም በላይ ይጠንቀቁ፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ሰዎች በእጃቸው የጻፉትን የማሽን ነው ብለው ሲፈርጁ በጥናት ታይቷል። ክፍል ውስጥ የተጻፈ አንቀጽና ጸሐፊው ቆሞ የሚሟገትለት ሐሳብ ከነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ የበለጠ ይነግርዎታል።

50 ተማሪ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ረቂቅ እያነበቡ 15 ሳምንት አይዘልቁም። በእያንዳንዱ ዑደት የግማሹን ክፍል አንቀጽ ብቻ ያንብቡ፤ ሌላው ግማሽ በቀጣዩ ይነበባል። ፈቃድ ከሰጡ ተማሪዎች ሁለት አንቀጾች ስም ሳይኖራቸው ሰሌዳ ላይ ወጥተው በጋራ ይታዩ። እርስ በርስ እንዲተራረሙ ማድረግ ይረዳል፣ ግን «አንብበህ አስተያየት ስጥ» ካሉ የሚያገኙት «ጥሩ ነው» የሚል ብቻ ነው። ሁለት ጥያቄ ይስጧቸው፦ የጸሐፊው አቋም ምንድን ነው? ማመን ያቆምኩት የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው? ውጤት ሲሰጡም ስንት ጊዜ ተናገረ ብለው አይቁጠሩ፤ ያ ሦስት አራቱን ተናጋሪዎች ያበረታል፣ ሌላውን ዝም ያሰኛል። ነጥቡ የሌላውን ሐሳብ አንሥቶ አንድ እርምጃ ለወሰደ ይሁን። በጽሑፉ ደግሞ ከውጤቱ የሚታይ ድርሻ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ረቂቅ ለተደረገው ለውጥ ይመደብ።

ይህ ዘዴ የማይሠራበት ቦታ አለ። ተማሪው ሁለት ገጽ አንብቦ የጸሐፊውን አቋም መናገር ካልቻለ፣ ችግሩ ገና ንባብ ላይ ነው፤ ክርክሩን ሳይሆን ጽሑፎቹን ያቅልሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ሰጥተው በአንድ ዓረፍተ ነገር አቋሙን ያስጽፉ፤ የሚበዙት ከሳቱ ሁለት ዑደት ለንባብ ይሰጡ። ደግሞም በሴሚስተሩ መጨረሻ የመስተዋድዱና የስም አመልካቹ (a፣ the) ስህተት ብዙው እንዳለ ይቀራል። እነዚህ በዓመታት ንባብ እንጂ በ15 ሳምንት አይስተካከሉም፤ ኮርሱ እንዳልሠራ አድርገው አይቁጠሩት። የመጀመሪያው ዑደት ላይ ውይይቱ ሊጎተት፣ የሌላውን ሐሳብ መልሶ መናገሩም ሰው ሠራሽ ሊመስል ይችላል። ሦስተኛው ሳያልቅ ዘዴውን አይለውጡ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር ከከበደዎ ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፦ ያዘጋጁትን የድርሰት ርእስ ሁለት መልስ ወዳለው ጥያቄ ይቀይሩት፤ ከውይይቱ በፊት አምስት ደቂቃ፣ ከውይይቱ በኋላ አሥር ደቂቃ ያስጽፉ። ሁለቱን ወረቀቶች ይሰብስቡና የአንዱን ተማሪ የፊተኛውንና የኋለኛውን ጎን ለጎን ያንብቡ። በቀጣዩ ሳምንት ምን ማስተማር እንዳለብዎ የሚያገኙት በሁለቱ ወረቀቶች ልዩነት ላይ ነው።